ከዶሮ ወጡ በፊት፦ ለሴደር ሌሊት ቀለል ያለ የአትክልት ማና ሪሾና

ሴደር የፔሳሕ፣ የአይሁድ ፋሲካ፣ የመጀመሪያው ሌሊት እራት ነው፤ ማና ሪሾና ደግሞ ከዋናው ምግብ በፊት የሚቀርበው ሳህን። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዘንድሮ ሴደር እኛ ቤት ነው። የእጮኛዬ እናትና አባት፣ አያቱም ጭምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጣሉ። አሽከናዚ (ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ አይሁድ) ናቸው፣ ኪትኒዮት (ጥራጥሬና የመሳሰለውን) አይበሉም። እናቴ ዶሮ ወጥ ትሠራለች፤ እኔን ደግሞ ‹ማና ሪሾናው ያንቺ ነው› ብላኛለች። 12 ሰው ነን። ሆድ የማይሞላ፣ አረንጓዴ አረንጓዴ የሆነ፣ የወቅቱን ነገር ብሠራ ደስ ይለኛል። ግን ሽምብራ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ዳቦ የለ። ምን ቀረኝ? ሙያ ደግሞ ብዙም የለኝ።»

እህቴ፣ ብዙ ቀርቶሻል፣ አይዞሽ። እንዲያውም ገበያው ከዓመት ዓመት በጣም የሚያምርበት ሳምንት ነው የገጠመሽ። ኦሪት በዓሉን የምታስረው ከአቢብ ወር ጋር ነው፣ እሸት ከሚታይበት ከጸደይ ጋር ማለት ነው፣ እና በዚያ ሰሞን እዚህ እስራኤል ገበያ ብትወርጂ አስፓራጉሱ፣ ባሮ ሽንኩርቱ፣ ቀይ ራዲሹ ከነቅጠሉ፣ አርቲሾኩ በየሳጥኑ ተከምሮ ነው የሚጠብቅሽ። እኔ አዳራሽ ኩሽና ውስጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለፔሳሕ ማና ሪሾና ስል የማስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ይህን ሳህን ሲያገኝ ምን በልቶ ነው የመጣው?

እስቲ ሌሊቱን አብረን እንቁጠረው። መጀመሪያ ቂዱሽ፣ አንድ ኩባያ ወይን። ከዚያ ካርፓስ፣ ጨው ውሃ ውስጥ የተነከረች ትንሽ አትክልት፣ ሆድ የምትይዝ ነገር አይደለችም። ከዚያ ሃጋዳው፣ ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ ንባብ። ልጆች ካሉ ይረዝማል፣ አያት ካለ ደግሞ በጣም ይረዝማል። ሁለተኛ ኩባያ። ከዚያ ማጻ፣ ያልቦካው ቂጣ፣ ከዚያ ማሮር፣ መራራው አትክልት፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ። ብዙ አሽከናዚ ቤት ደግሞ ገበታው የሚከፈተው በጨው ውሃ ውስጥ በተቀመጠ የተቀቀለ እንቁላል ነው። ስለዚህ ያንቺ ሳህን ሲቀርብ ሰው ርቦታል፣ ግን ባዶ ሆድ አይደለም። አፉ በማጻ ደርቋል፣ በማሮር ተቃጥሏል፣ ወይኑም ትንሽ ሞቅ አድርጎታል። ከፊቱ ደግሞ የእናትሽ ዶሮ ወጥ አለ፣ እሱ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ይህ ሰው የሚፈልገው ቀዝቃዛ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚል ነገር ነው። ውሃ ያለበት ነገር። ድንች አይፈልግም። እንቁላል አትጨምሪ፣ እንቁላል አሁን በልቷል፣ በዶሮ ወጡም ውስጥ ይጠብቀዋል። ሰላጣ ቅጠልም ተዪው፣ ብዙ ቤት ማሮሩ እሱ ነው። ምርጫውን እንዲህ ስታጠብቢው የሚቀርሽ ቀላል ነው። እኔ ብሆን በሎሚ ያደረ ባሮ ሽንኩርት፣ ላዩ ላይ አስፓራጉስ፣ በስሱ የተቆረጠ ፌነልና ራዲሽ፣ ናና፣ ትንሽ ቃሪያ፣ የተቆላ ለውዝ አቀርባለሁ። ለውዝ ስልሽ አልሞንዱን ነው፣ «ሽቄዲም» የሚሉትን፤ ኦቾሎኒውን ብዙ አሽከናዚ ከኪትኒዮት ይቆጥረዋል።

አሠራሩን ከመንገሬ በፊት ስለ ክልከላው ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም እውነቱን ለመናገር እንግዶችሽ የሚፈሩት ጣዕምሽን አይደለም።

ኪትኒዮት ማለት ሩዝ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው የሚሳሳተው ከዚያ ወዲያ ባሉት ነው፦ ሰሊጥና ሰናፍጭም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ሰሊጥ ካለ ጠሂናም አለ። ሰናፍጭ ካለ ደግሞ የፈረንጅ የሰላጣ ማጣፈጫ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀረ፣ ምክንያቱም ዘይቱንና ሎሚውን አስማምቶ የሚያስተሳስረው እሱ ነው። እሸት አተርና ፎሶሊያም ብዙ ቤት አይገቡም። አንዴ እኔ ራሴ ጓደኛዬ ቤት ለሴደር ካሮት ሠርቼ ሄድኩ፣ ኮርቼ፣ ላዩ ላይ የተቆላ ሰሊጥ በትኜበት። የቤቱ ትልቅ ሴት ሳህኗን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው፣ ምንም አላለችም፣ ፈገግ ብላ ውሃ ጠጣች። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ደግሞ ይህን እወቂ፣ ክልከላው የመጣው ከአውሮፓ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ነው መጀመሪያ ተጽፎ የሚገኘው። ጥራጥሬው ከእህል ጋር ስለሚቀላቀል፣ ተፈጭቶም ዱቄት ስለሚሆን ሰው እንዳያምታታው ተብሎ የተያዘ ልማድ ነው። ሰፋርዲው፣ ከስፔንና ከምሥራቅ የመጣው አይሁድ፣ አልያዘውም፣ የእኛ ሰውም፣ ቤተ እስራኤል፣ ጎንደር ሆኖ አልሰማውም። እና እጮኛሽ ቤት «እናንተ ኪትኒዮት ትበላላችሁ አይደል?» ሲሉሽ እንደ ጉድለት አትቁጠሪው። የእኛ አያቶች በሌላ በኩል ይጠብቁ ነበር። የኮመጠጠውን ሁሉ፣ እርጎውን ሳይቀር ይተዉ ነበር፣ አሮጌውን ሸክላ ሰብረው አዲስ ይሠሩ ነበር፣ ቂጣውንም ትኩስ ትኩሱን ይጋግሩ ነበር። አያትየው ጨዋታ የሚወድ ሰው ከሆነ ይህን ንገሪው። ከሃጋዳው መሀል አንድ ሰዓት ሊጨምርብሽ ይችላል፣ ለእሱ ኃላፊነት አልወስድም።

አሁን ዕቃ ስትገዢ። ማሸጊያው ላይ «ኮሼር ለፔሳሕ» ብቻ ማየት አይበቃም። ከጎኑ በትንሽ ፊደል «ለኦኽሌ ኪትኒዮት» የሚል ካለ ኪትኒዮት ለሚበሉ ብቻ ነው ማለት ነው፣ መልሰሽ አስቀምጪው። አንቺ የምትፈልጊው «ለሎ ኪትኒዮት»፣ ኪትኒዮት የሌለበት፣ የሚለውን ነው። የካኖላና የአኩሪ አተር ዘይት በዚህ ይወድቃሉ። የወይራ ዘይት ውሰጂ፣ ነገሩም ይገላገላል፣ ጣዕሙም ይሻላል። ኮምጣጤ አያስፈልግሽም፣ ከእህል የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሎሚ አለልሽ። እራቱ የሥጋ ስለሆነ ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ የሚባል ነገር የለም፣ ይህን ራስሽም ብለሽዋል።

በርበሬ ደግሞ ጣል ላድርግበት እንዳትዪ። እናትሽ ዶሮ ወጡ ላይ የምታደርገውን እሷ ታውቃለች፣ ግን አንድ ነገር ጠይቂያት፦ በርበሬው የተፈጨው የት ነው? ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ከሆነ ችግር አለ፣ ያውም ኪትኒዮት ሳይሆን ራሱ ሐሜጹ፣ በፔሳሕ የተከለከለው የቦካ እህል፣ ነው። ሌላው ደግሞ አብሽ ነው። በርበሬው ውስጥ አብሽ ካለ አሽከናዚዎቹ አብሽን ከኪትኒዮት ይቆጥሩታል። ይህን ቀድማችሁ ብትነጋገሩበት ይሻላል፣ የእናትሽን ድስት ገበታ ላይ ማሳፈር አይገባም። ላንቺ ሳህን ግን ትኩስ ቃሪያ ይበቃል። ፍሬው ወጥቶ፣ በጣም ደቅቆ። እንግዳ ሳይቃጠል የእኛ ቤት መሆኑን ያውቃል።

ቅጠላ ቅጠሉ ላይ ደግሞ ትል አለ። ይህ ለሚጠብቅ ሰው ከኪትኒዮቱ የበለጠ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ኪትኒዮት ልማድ ነው፣ ነፍሳት መብላት ግን የኦሪት ክልክል ነው። ናናና ሻሚሩን (ዲል የሚሉትን ቅጠል) ከነፍሳት ተጠብቆ የበቀለውን፣ በከረጢት የታሸገውን ግዢ። እሱንም ቢሆን ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ 3 ደቂቃ ነክረሽ፣ ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ውሃ እጠቢው። የአስፓራጉሱ ጫፍ፣ ያቺ የምታምረዋ እምቡጥ፣ ነፍሳት ተሸጉጦባት ለማየት አስቸጋሪ ናት። ስለዚህ ትቆረጣለች። ግንዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ቅርፊቶችም በመላጫ ላጪያቸው። አዎ፣ ያሳዝናል። እኔም በየዓመቱ አዝናለሁ።

እና ዛሬ ማታ ለእጮኛሽ ደውዪና አራት ጥያቄ ጠይቂው። በሴደር ልጆች የሚጠይቁት ማ ኒሽታናም አራት ነው አይደል፣ ያንቺ ደግሞ ይህ ነው። እሸት አተርና ፎሶሊያ እንኳን አይበሉም ወይስ ደረቁን ብቻ ነው የሚተዉት? ማጻ የረጠበበት ነገር ይበላሉ? አንዳንዱ ቤት፣ በተለይ ሐሲዲም የሚባሉት አጥባቂዎች፣ ማጻን ከውሃ ጋር አያገናኝም፣ ከሆነ ሰላጣ ላይ የተሰበረ ማጻ መበተን ቀረ። ለውዝ የማይስማማው ሰው አለ? ሾርባ ከክኔይድላሕ (ከማጻ ዱቄት ድቡልቡል) ጋር ይጠብቃሉ ወይስ በቀጥታ ወደ ዶሮው እንሂድ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ሾርባ ካለ ያንቺን ሳህን በሲሶ ቀንሺው።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ለ12 ሰው 6 ወፍራም ባሮ ሽንኩርት ግዢ፣ ገበያ ላይ «ክሬሻ» የሚሉትን፣ ቀጭኑን አይደለም። አስፓራጉስ 1 ኪሎ፣ ጫፉና የታችኛው ጠንካራ እንጨት ወጥቶ 600 ግራም ያህል ይቀርሻል። ፌነል 2 ራስ፣ እዚህ «ሹማር» ይሉታል፣ ስትቆርጪው ሽታው እንስላል እንስላል ይልሻል። አንድ እስር ራዲሽ። ናና አንድ እስር፣ ሻሚር ግማሽ እስር። ቃሪያ 1። ለውዝ አንድ ጭብጥ። ለማጣፈጫው 150 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት፣ ማለት ሁለት የቡና ሲኒ ያህል፣ የ2 ትልልቅ ሎሚ ጭማቂ፣ የአንዱ ሎሚ ቢጫ ልጣጭ ተፈቅፍቆ፣ ግማሽ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ጨው። ሌላ ነገር የለውም።

ማጣፈጫው ላይ አንድ ዘዴ አለ። ሰናፍጭ ስለሌለን ዘይቱና ሎሚው ይጣላሉ። መፍትሔው ሽንኩርቱን በጣም አድቅቀሽ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ሎሚው ውስጥ 10 ደቂቃ መንከር ነው። ሽንኩርቱ ይለሰልሳል፣ መሰንፈጡ ይቀንሳል፣ ሎሚውም ይጣፍጣል። ከዚያ ማሩን፣ ልጣጩን፣ ዘይቱን ጨምረሽ ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ነቅንቂው። ቢለያይም አትጨነቂ፣ ከመጨመርሽ በፊት እንደገና መነቅነቅ ነው።

ምድጃ የሚፈልገውን ሁሉ የምትሠሪው ከሴደሩ አንድ ቀን በፊት ነው። በዕለቱ ኩሽናው የእናትሽ ነው፣ ሽንኩርት ስታቁላላ አንቺ ምድጃ ፍለጋ ብትዞሪ እኔ አላስታርቃችሁም።

በትልቅ ድስት 3 ሊትር ውሃ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጋር አፍዪ። ጨው በዛ ብለሽ አትደንግጪ፣ አብዛኛው እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀራል። አጠገቡ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን በበረዶና በውሃ ሞልተሽ አስቀምጪ። አስፓራጉሱን 4 ሴንቲ ሜትር እያደረግሽ ቁረጪና በሚንቀለቀለው ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ 2 ደቂቃ፣ ክዳን አትክደኚ። ክዳን ያልኩሽ በምክንያት ነው፦ አትክልት ሲበስል ራሱ የሚያወጣው ኮምጣጣ እንፋሎት አለ፣ ድስቱን ከከደንሽው ተመልሶ ይንጠባጠብና አረንጓዴውን ያደበዝዘዋል። ከዚያ በወንፊት አውጥተሽ በረዶው ውስጥ ጣይው። ሲቀዘቅዝ ወዲያው አውጪው፣ እዚያ ሲዋኝ አይደር። ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው። ደርቋል ስትዪ ሌላ ፎጣ አምጪና እንደገና አድርቂው። ውሃ የያዘ አትክልት ማጣፈጫ አይቀበልም፣ ማጣፈጫው ይንሸራተትና ትሪው ሥር ኩሬ ይሠራል።

ያው ውሃ ለባሮ ሽንኩርቱ ይሆናል። ጥቁር አረንጓዴውን ቅጠል ቁረጪ፣ ግን አትጣዪው፣ ለሾርባ መረቅ ድንቅ ነው። ነጩንና ፈዛዛ አረንጓዴውን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቂ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ፣ ከዚያ ቅጠሎቹን ለያይተሽ እጠቢ። ባሮ ሽንኩርት አፈር የሚደብቀው በቅጠሎቹ መሀል ነው፣ አንዲት አሸዋ ደግሞ የ12 ሰው ምሳ ታበላሻለች፣ ይቅርታ፣ እራት። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይፍላ። ስታነሺው ለስላሳ መሆን አለበት፣ ጣትሽ ላይ እንደ ሐር መንሸራተት አለበት። ግማሽ የበሰለ ባሮ ሽንኩርት ሲነከስ ክር ክር ይላል፣ ሰው ፊት ከአፍ ክር መጎተት ደግሞ ለአማት አይሆንም።

እዚህ ላይ ነው ሚስጥሩ። ባሮ ሽንኩርቱን በረዶ ውስጥ አትክተቺው። አጥልይው፣ በደንብ ጨምቂው፣ ትኩስ እያለ ከማጣፈጫው ግማሹን አፍሺበት። ትኩስ ሲሆን ይጠጣዋል፣ ሲቀዘቅዝ እምቢ ይላል። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ይደር። በማግስቱ ሌላ ነገር ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ለስላሳ።

አስፓራጉሱ ግን ተቃራኒው ነው። እሱ ሎሚ የሚያየው ከመቅረቡ 5 ደቂቃ በፊት ብቻ ነው። አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው ነገር መሀሉ ላይ ማግኒዥየም አለው። አሲድ ሲያገኘው ማግኒዥየሙ ይወጣና ቀለሙ ወደ ወታደር ልብስ ይለወጣል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለ60 ሰው ትሪዎቹን ሁሉ ከማታው ጸሎት በፊት አጣፍጬ ደረደርኩ፣ ተዘጋጅቼ በጊዜ ልጨርስ ብዬ። ሃጋዳው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ክዳኑን ስናነሳ አስፓራጉሱ ካኪ ለብሶ ጠበቀን። አለቃዬ አየኝ፣ አስፓራጉሱን አየ፣ እንደገና አየኝ። ያን ሌሊት ድስት ያጠብኩት እኔ ነኝ።

እና ደንቡ ይህ ነው፦ ነጩ በሎሚ ይደር፣ አረንጓዴው በደረቅ ፎጣ ተጠቅልሎ ይደር። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ፌነሉና ራዲሹ ጥሬ ናቸው። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ቁረጪያቸው። ፌነሉን ለሁለት ከፍለሽ፣ የመሀሉን ጠንካራ እምብርት አውጥተሽ፣ ቢላሽ የሚችለውን ያህል አሳስተሽ ቁረጪ፣ ወረቀት እስኪመስል። ቁንጥር ጨውና ጥቂት ሎሚ ነካ አድርጊው፣ ይተኛል ግን ቀጭ ማለቱን አይተውም። ራዲሹን ደግሞ ክብ ክብ ቆርጠሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጪ፣ ጠርዙ ትንሽ ይጠቀለላል፣ ያምራል። ለውዙን ቀድመሽ በደረቅ መጥበሻ ቆልተሽ በቢላ ሰባብሪው። ቃሪያውን አድቅቂ። ናናውን ግን እስከ መጨረሻው አትንኪው፣ ከተቆረጠ ይጠቁራል። በእጅሽ ትቦጫጭቂዋለሽ፣ አለቀ።

በዓሉ ከመግባቱ በፊት ሎሚ መጭመቅ፣ መፈቅፈቅ፣ መቁረጥ የሚባል ነገር ሁሉ ማለቅ አለበት። ቀኑ ሰንበት ላይ ከዋለ ይህ ይበልጥ ይጠብቃል። ስለዚህ ቀን ላይ ትሪውን አዘጋጂ። ሁለት ረጃጅም ትሪ ይሻላል ከአሥራ ሁለት ትንንሽ ሳህን፣ በፔሳሕ ሰሞን ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ማን አለው። ባሮ ሽንኩርቱን ከሥር ዘርጊ። ፌነሉን ከላይ በትኚ። አስፓራጉሱንና ከውሃው አውጥተሽ ያደረቅሽውን ራዲሽ ለብቻ በዕቃ አስቀምጪ። ትሪውን ሸፍነሽ ፍሪጅ ክተቺ። ማሮሩ ሲታደል አንቺ በዘዴ ተነሺ፣ ትሪዎቹን አውጪ፣ አስፓራጉሱንና ራዲሹን ከላይ ደርድሪ፣ የቀረውን ማጣፈጫ ነቅንቀሽ አፍሺበት፣ ቃሪያ፣ ናና፣ ሻሚር፣ በመጨረሻ ለውዙ። ሁለት ደቂቃ ነው። አንድ ቁንጥር ጨው ከላይ ጣል አድርጊ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሁልጊዜ አንሶ ነው የሚቀመሰው።

ለአያትየው ስታወጪለት ከሥር ባሮ ሽንኩርቱን አብዢለት። ጥርሱን አላውቅም፣ ግን ጥሬ ፌነል በዚያ ዕድሜ ትግል ነው፣ ለውዙም እንዲሁ።

አስፓራጉሱ ውድ ከሆነብሽ፣ ሊሆንም ይችላል፣ ዋጋው በበዓል ሰሞን ሽቅብ ነው፣ በኮልራቢ ተኪው። ተላጥቶ፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን ተደርጎ፣ ጥሬውን። እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ የሚወደው ነገር ነው፣ ትልም አይደበቅበትም፣ ማታ ቀለሙን አይቀይርም። እንዲያውም ሙያ የለኝም ላለች ሰው ከአስፓራጉስ ይልቅ እሱን ነው የምመክረው፣ አረንጓዴውን በናናና በሻሚሩ ታመጪዋለሽ። ለስለስ ያለ ትንንሽ ዝኩኒም ይሆናል፣ በመላጫ እንደ ሪባን ተደርጎ።

አርቲሾክ ግን አትሞክሪ። እወደዋለሁ፣ ግን ለ12 ሰው አርቲሾክ መላጥ የአንድ ቀን ሥራ ነው፣ ምርመራውም ለባለሙያ ነው። እሸት ባቄላም፣ ምንም ቢያምር፣ ለእነዚህ እንግዶች ኪትኒዮት ነው። ሌላ ዓመት የራሳችሁን ሰው ብቻ ስትጋብዢ ብትሠሪውም እንኳ አንድ ነገር ጠይቂ። ባቄላ የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ፣ ከልደት ጂ6ፒዲ የሚባል ነገር የሚያንሳቸው፣ ለእነሱ ባቄላ ደም የሚያፈርስ አደጋ ነው። ከኩርዲስታን በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ በብዛት ይገኛል። የሚያውቅ ሰው ራሱ ይነግርሻል፣ ግን ሳህኑ ውስጥ ባቄላ መኖሩን ማወቅ አለበት።

ስለ ዕቃው አንድ ቃል። ቢላ፣ መከተፊያ፣ ድስት፣ ፎጣ፣ መፈቅፈቂያ ሁሉም የፔሳሕ ይሁን። መፈቅፈቂያ ላይ ያለፈው ወር ዳቦ ፍርፋሪ እንዳይኖር፣ ጥርሱ መሀል ይሸጎጣል፣ ለዚህ ስትዪ አዲስ ርካሽ አንድ ግዢ። ባዶዎቹን ማሸጊያዎች ደግሞ እንግዶቹ እስኪሄዱ አትጣያቸው፣ የዘይቱን ጠርሙስ፣ የናናውን ከረጢት፣ የለውዙን። ኩሽና ጥግ ላይ ይቀመጡ። የእጮኛሽ እናት ጥሩ ሰው ከሆነች አትጠይቅሽም፣ ግን ውሃ ልቅዳ ብላ ስትገባ ዓይኗ ያርፍባቸዋል፣ ከዚያ ተረጋግታ ትበላለች። ከኔ የሰሊጥ ታሪክ የተረፈኝ ትምህርት ይህ ነው።

እና ከፋርስ የመጡ አይሁድ ከተጋበዙ ባሮ ሽንኩርቱን ደብቂ። እነሱ ዳዬኑ የሚባለው የሃጋዳው መዝሙር ሲዘመር በአረንጓዴ ሽንኩርት እርስ በርስ ይገራረፋሉ፣ በግብፅ የነበረውን ጅራፍ ለማስታወስ፣ ወፍራሙን ካገኙት ደግሞ አይመርጡም።

የተረፈ ካለ፣ በማግስቱ ጠዋት አስፓራጉሱና ባሮ ሽንኩርቱ ከተመታ እንቁላልና ውሃ ነክቶ ከለሰለሰ ማጻ ጋር መጥበሻ ላይ ይገለበጣል፣ ራዲሹን አውጪለት እንጂ። ያን ጊዜ ሥጋ ስለሌለ አይብ ብትፈልጊም ትችያለሽ፣ እንግዶቹ አድረው ከሆነ ግን ማጻ በውሃ የሚለውን ሁለተኛውን ጥያቄሽን አስታውሺ። ደውለሽ ስትጨርሺ መልሱን ጻፊልኝ፣ ሾርባ አለ ካሉሽ የባሮ ሽንኩርቱን ጥቁር ቅጠል መረቅ ውስጥ እንዴት እንደምትከቺው እነግርሻለሁ።